ሄሊኮፕተር ለመሥራት፦ ከሞተሩ በፊት

አነስተኛ ሄሊኮፕተር ለመሥራት የሚመኙ ተማሪዎች ብዙውን ጊዜ አስቀድመው የሚያነሡት ጥያቄ ስለ ሞተሩ ኃይል ነው። እኛ ግን ጥያቄው ከሞተሩ በላይ፣ በዋናው ዘንግ ዙሪያ ከተቀመጠችው አንዲት ሳሕን መጀመር አለበት እንላለን። ይህች ሳሕን ስዋሽፕሌት ትባላለች።

አሠራሯ እንዲህ ነው። ሁለት ቀለበቶች በኩሽኔታ ተያይዘው ዘንጉን ይከባሉ። የታችኛው አይሽከረከርም፤ በሰርቮዎች እየተገፋ ከፍና ዝቅ ይላል ወይም ያዘነብላል። የላይኛው ከክንፎቹ ጋር እየተሽከረከረ ያንኑ እንቅስቃሴ በቀጫጭን ማያያዣዎች ያደርስላቸዋል። በተለመደው አሠራር ሳሕኗ በሙሉ ከፍ ስትል የክንፎቹ ሁሉ ማዕዘን በአንድነት ይጨምራል። ስታዘነብል ግን እያንዳንዱ ክንፍ በዙረቱ በአንዱ ወገን ማዕዘኑን ይጨምራል፤ በተቃራኒው ይቀንሳል። ሄሊኮፕተሩ አፍንጫውን ዝቅ እንዲያደርግ ክንፉ በኋላ በኩል ከፍ ማለት አለበት፤ ማዕዘኑ የሚጨምረው ግን እዚያ ሳይሆን 90 ዲግሪ ያህል ቀደም ብሎ፣ በጎን በኩል ነው። የጋይሮስኮፕን ቀመር በፈተና ወረቀት ላይ በትክክል የጻፈ ተማሪ እንኳ ይህን በዓይኑ ካላየ ለማመን ይቸገራል።

ሞዴል መጫወቻ ነው የሚሉ አሉ። አሜሪካዊው አርተር ያንግ እ.ኤ.አ. ከ1920ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ለዓመታት ሲደክም የኖረው በትንንሽ ሞዴሎች ላይ ነበር። በ1941 ወደ ቤል ኩባንያ ይዞት የሄደውም ሞዴል ነው፤ ከዚያ የተገኘው ቤል 47 በ1946 ለሲቪል አገልግሎት ፈቃድ አገኘ። እ.ኤ.አ. በ2021 በማርስ ላይ የበረረችው ኢንጀንዊቲ ክብደቷ 1.8 ኪሎ ግራም ብቻ ነበር፤ ሁለቱ ተሽከርካሪዎቿም በስዋሽፕሌት ይታዘዙ ነበር።

ወደ ንፋስ ስልክ ላፍቶ እንመለስ። የሰፈሩ ስም ራሱ ያለ ሽቦ የሚሄድን መልእክት ያስታውሳል፤ በሬድዮ ለሚታዘዝ ሞዴል የተገባ ስም ነው። ንፋስ ስልክ ፖሊ ቴክኒክ ኮሌጅ የሚገኘውም በዚሁ ክፍለ ከተማ ነው። ይህ ሥራ በዋነኛነት የሚፈልገው ቶርኖና ትዕግሥት ነው። የክንፉ መያዣ ክንድ 20 ሚሊ ሜትር ቢሆን፣ በመገጣጠሚያው ላይ ያለ የ0.35 ሚሊ ሜትር ልልነት ብቻ ማዕዘኑን በ1 ዲግሪ ያህል ያሳስተዋል። የከተማችን ከፍታም ሌላ ትምህርት ነው፦ በ2,300 ሜትር ላይ አየሩ በባሕር ጠለል ካለው በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ስለሆነ፣ በዚያው ፍጥነት ያንኑ ክብደት ለማንሣት ክንፉ ሰፋ ያለ ማዕዘን መያዝ ይኖርበታል። ከውጭ በመጣ መመሪያ ላይ የተጻፈውን ልክ እንዳለ መቅዳት እዚህ አያዋጣም።

ድሮን አለልን የሚሉንም ይኖራሉ። ድሮንን አንነቅፍም። ነገር ግን ባለ አራት ተሽከርካሪው ድሮን ሚዛኑን የሚጠብቀው የሞተሮቹን ፍጥነት በማለያየት ስለሆነ፣ ዋናው ነገር በሶፍትዌሩ ውስጥ ተሰውሮ ይቀራል። ገጣጥሞ ማብረር ይቻላል፤ ለምን እንደ በረረ ግን ማስረዳት የማይችሉ ጥቂት አይደሉም። የፈቃዱ ጉዳይም እውነት ነው፤ ሰው አልባ በራሪ ወደ አገር ለማስገባትም ሆነ ለማብረር ፈቃድ ያስፈልጋል። እኛ የምንለው ሥራ ግን ከጠረጴዛው አይነሣም። አሮጌ ኩሽኔታ፣ ሁለት የአሉሚኒየም ቀለበት፣ ጥቂት ብሎንና የማዕዘን መለኪያ ይበቁታል። ሞተርም አይገጠምበት፤ የሚሽከረከር ክንፍ ጣት ይቆርጣል፣ ዓይን ያጠፋል። በእጅ ቀስ ብሎ ይዙር፤ በየ30 ዲግሪው የክንፉ ማዕዘን ይለካ፤ ውጤቱም በግራፍ ይሣል።