በትንሽ ወጪ ክፍላችንን እናስውብ



በዚህ ወር ከደጀን የምናቀርብላችሁ የእጅ ሥራ ነው። ከመድረሳ ተማሪዎቻችንና ከእናቶቻቸው ደጋግሞ የሚመጣልን አንድ ጥያቄ አለ። እናቶች «ልጄ ልትዳር ነው፤ ክፍሏን በምን ላሰማምርላት?» ይሉናል። ልጃገረዶቹ ደግሞ ግድግዳቸው ባዶ ስለሆነ እንግዳ በመጣ ቁጥር እንደሚሳቀቁ ያጫውቱናል።

ጥያቄው ቀላል ይመስላል፤ ከጀርባው ግን ዕዳ አለ። የሙሽራ ክፍል ለማሟላት ሲል ከባለሱቅ በዱቤ የሚያነሣ፣ የዕቁቡን ብር ለመጋረጃና ለፕላስቲክ አበባ የሚያውል፣ ይባስ ብሎም «ክፍሉ አልተሟላም» በሚል ኒካሑን ለከርሞ የሚያሳድር ቤተሰብ እናውቃለን። ዕቃው ከአዲስ አበባ 230 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ፣ የዓባይን በረሃ ወርዶና ወጥቶ የሚደርሰን በመሆኑ የጭነቱም ሒሳብ የሚነሣው ከእኛው ነው። በእነዚህ ዓመታት ደግሞ መንገድ በተዘጋ ቁጥር ዋጋው ምን ያህል እንደሚሰቀል የምታውቁት ነው። ሁለት ሰዎች ሐላል ትዳር ለመመሥረት ተዘጋጅተው ሳለ በፕላስቲክ አበባ ምክንያት መዘግየታቸው ያሳዝነናል።

ይህን ስንል ቤትን ማሳመር የተጠላ ነው ማለታችን አይደለም። እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ) በቤታቸው ሥዕል ያለበት መጋረጃ ሰቅለው ነበር። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ከጉዞ ሲመለሱ አይተው አልወደዱትምና እንዲወርድ ሆነ፤ እርሳቸውም ጨርቁን ቀደው መከዳ አደረጉት። ዘገባው በቡኻሪና በሙስሊም ይገኛል። ብዙ ጊዜ ይህ ሐዲስ ሲነሣ የሚወራው ስለ ሥዕሉ ብቻ ነው፤ እኛ የእጅ ሥራ የምናስተምር ሰዎች ግን ጨርቁ የት እንደደረሰም ልብ እንላለን። አልተጣለም። ተቀዶ ሌላ አገልግሎት ሰጠ። ሥዕል መሥራት መተዳደሪያው ለነበረ ሰውም ኢብኑ ዐባስ (ረ.ዐ) ዛፍንና ነፍስ የሌለውን ነገር እንዲሥል እንደመከሩት ተዘግቧል። ስለዚህ በዚህ ገጽ ቅጠል፣ አበባ፣ ኮከብና መስመር እንጂ ሰውና እንስሳ አታገኙም።

ሥራው ከግድግዳው ይጀምራል። የጭቃ ቤት ያላችሁ እናቶቻችሁ ሲለቀልቁ እያያችሁ ያደጋችሁ ናችሁና የእበቱንና የአፈሩን ልክ እኛ አንነግራችሁም። ከልቅለቃው በኋላ የሚቀባውን ኖራ ግን ብዙ ሰው ስለሚያበላሸው ጥቂት እንበል። የዓባይ ሸለቆ ገደል የኖራ ድንጋይና ጄሶ የሞላበት ነው፤ ስለዚህ በእኛ በኩል ኖራ እንግዳ ነገር አይደለም። ኖራውን በውኃ በጥብጣችሁ አንድ ሌሊት አሳድሩት፤ ከዚያ በአሮጌ ነጠላ አጥልሉት። በአንድ ባልዲ ላይ አንድ እፍኝ ጨው ብትጨምሩበት ግድግዳውን የተደገፈ ሰው ጀርባው ነጭ ሆኖ አይነሣም። ግድግዳውን አስቀድማችሁ በውኃ አርጥቡ፤ አንድ ጊዜ ወፍራም ከመቀባት ሁለት ጊዜ ቀጭን መቀባት ይሻላል። ያልበረደ ኖራ ውኃ ሲነካው የሚፈላና ዓይንን የሚያቃጥል ስለሆነ ሕፃናትን አርቁ። ነጭና ንጹሕ ግድግዳ ብቻውን ግማሽ ጌጥ ነው። በዚህ ላይ ቆም ብላችሁ አንድ ቀን ክፍሉን ተመልከቱት፤ ከዚያ ወዲያ የሚያስፈልገው ነገር ካሰባችሁት ያነሰ ሆኖ ታገኙታላችሁ።

አሁን ወደምንወደው ሥራ እንግባ። በብዙ ሙስሐፎች ላይ የሒዝብን ሩብ የሚያመለክት ባለ ስምንት ጫፍ ኮከብ አለ፤ የመድረሳ ልጅ ሁሉ ያውቀዋል። ይህ ኮከብ ሁለት እኩል ካሬዎች ተደራርበው የተገኘ ነው። ከካርቶን ጎናቸው 20 ሴንቲ ሜትር የሆነ ሁለት ካሬዎች ቁረጡ። በእያንዳንዱ ላይ ከጥግ ወደ ጥግ ሁለት መስመር ብታሰምሩ መስመሮቹ የሚገናኙበት መካከሉ ነው። ሁለቱን መካከላቸው ላይ በመርፌ ካያያዛችሁ በኋላ የላይኛውን አዙሩት፤ የላይኛው ጥግ በታችኛው ጎን እኩሌታ ትይዩ ሲሆን ቁሙ። አራቱም ጥጎች እኩል ወጥተው ከታዩ ልክ ናችሁ፤ ኮላ ቀብታችሁ አጣብቁት። ባለ ስድስት ቅጠል አበባ የምትፈልጉ ደግሞ ኮምፓስ ባይኖራችሁ ምስማርና ክር ይበቃል። ክብ ከሣላችሁ በኋላ የክሩን ርዝመት ሳትለውጡ ምስማሩን በክቡ መስመር ላይ ተክላችሁ ከክቡ እስከ ክቡ ቅስት ሣሉ፤ ቅስቱ ክቡን የነካበት ላይ ምስማሩን እየተከላችሁ ቀጥሉ። ስድስት ጊዜ ስትዞሩ መነሻችሁ ላይ ትደርሳላችሁ። ይህ ሁልጊዜ ይሆናል፤ ምክንያቱን የስድስተኛ ክፍል ልጃችሁን ጠይቁት። በጥቁር ሰሌዳ ሲማሩት የሚያንቀላፉ ልጆች ለክፍላቸው ጌጥ ሲሠሩት ነቅተው እናያቸዋለን።

ኮከቡን በቀለም መቀባት ይቻላል፤ እኛ ግን የስንዴ አገዳ እንመርጣለን። በአካባቢያችን የማይታጣ ነገር ነው፤ ደግሞም ወርቅ ይመስላል። አገዳው በበሬ ከተረገጠ በኋላ ስለሚሰባበር ከውቂያ በፊት አንድ ክንድ ሙሉ ያህል ከገበሬው ለምናችሁ ያዙ። ከአንጓ እስከ አንጓ ያለውን ቀጥ ያለውን ክፍል ቆርጣችሁ ለብ ባለ ውኃ ውስጥ አሳድሩት። ጠዋት በምላጭ በቁመቱ ሰንጥቃችሁ ክፈቱትና የሚያብረቀርቀውን ወገን ወደ ታች አድርጋችሁ በካውያ ተጫኑት፤ እንደ ጥብጣብ ይዘረጋል። ካውያውን ትንሽ ካቆያችሁት ቡናማ ይሆናል፤ ስለዚህ ያለ አንዳች ቀለም ሁለት ሦስት መልክ ታገኛላችሁ። ጥብጣቦቹን ጎን ለጎን በቀጭን ወረቀት ላይ በኮላ ለጥፋችሁ ሲደርቅ በምትፈልጉት ቅርጽ ቁረጡ። የዱቄት ሙጫ ይረክሳል፤ ነገር ግን አይጥና በረሮ ስለሚወዱት አንመክርም።

እዚህ ላይ አንድ ምሥጢር አለ። የኮከቡን አንዱን ጫፍ ስትለጥፉ አገዳው እንዲቆም፣ ቀጣዩን ስትለጥፉ እንዲጋደም አድርጉ። ብርሃን በቆመውና በተጋደመው ላይ በተለያየ መንገድ ስለሚያርፍ አንዱ ወርቅ፣ ሌላው ጥላ መስሎ ይታያል፤ ከበር ወደ መስኮት ስትራመዱም ይለዋወጣል። ከሥሩ ጥቁር ጨርቅ ብታደርጉለት የበለጠ ይደምቃል። የኮላው ዋጋ ካልሆነ በቀር ከኪሳችሁ የሚወጣ የለም።

ስለ ጥልፍና ስለ ዳንቴል ብዙ አንልም፤ ኪሮሽ የማታውቅ እናት ጥቂት ናት። አዲስ ክር መግዛት ያቃታችሁ ያረጀ ሹራብ ተርትራችሁ፣ አጥባችሁና በእንጨት ላይ ጠምጥማችሁ አድርቁት፤ ጥምዝምዙ ይለቅቃል። የአቡጀዲ ጥልፍ ላይ ግን ጥንድ ጣዎስ ካልቆመ ሙሽራ ያላገባች የሚመስላቸው ሰዎች አሉ። በጣዎሱ ፈንታ የወይራ ዝንጣፊ ወይም ከላይ ያሳየነውን ባለ ስድስት ቅጠል አበባ ሞክሩ፤ ለመጥለፍም ይቀላል።

ለመከዳ ደግሞ ያለቀ ጋቢ ተስማሚ ነው። መሐሉ ቢሳሳም ጠርዙ ብዙ ጊዜ ጠንካራ ስለሆነ፣ ከዚያ ቆርጣችሁ ጥለቱ በመከዳው ፊት ላይ እንዲውል አድርጋችሁ ስፉት። ውስጡን ለብቻው ከአሮጌ አንሶላ ሰፍታችሁ በጤፍ ጭድ ሙሉት። ጭዱ ሁለትና ሦስት ቀን ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ፣ ተነፍቶ አቧራው የወጣለት ይሁን፤ አለበለዚያ ቁንጫ ጠርታችሁ እንግዳ ማስቀመጥ ይሆናል። በየዓመቱ አዲስ ጭድ ሲመጣ ይለወጣል። ከእሳትና ከሻማ ይራቅ።

ጋቢን ካነሣን ስለ ሸማኔው ሳንናገር አናልፍም። በደጋው አገር በብዙ ቦታ ሙስሊሙ የርስት መሬት ተከልክሎ ስለኖረ በንግድና በሸማ ሥራ ይተዳደር ነበር። የመሬቱ ነገር በየካቲት 1967 ዓ.ም. አዋጅ ተለወጠ፤ በባለ እጅ ላይ ይወርድ የነበረው ስድብ ግን ከአዋጁ ጋር አልቀረም። ዛሬም ልጃገረዶቻችን ሱቅ ያለውን ዕቃ አክብረው በእጃቸው የሠሩትን የሚደብቁት፣ የእጅ ሥራ የድህነት ምልክት ነው የሚል ነገር ሳይነገራቸው ስለገባቸው ይመስለናል። አያቶቻችን በዚያ እጅ ልጅ አሳድገዋል፤ ዘካም አውጥተዋል።

የሐረር ሰዎች በዚህ ረገድ ቀድመውናል። የጀጎልን ግንብና በውስጡ ያሉትን ቤቶች ዩኔስኮ በ1998 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት መዝግቧቸዋል። በሐረሪ ቤት የእንግዳ መቀበያው ክፍል ግድግዳ ላይ በሴቶች እጅ የተሰፉ ስፌቶች በረድፍ ተሰቅለው ይታያሉ፤ ወለሉና መቀመጫው ደረጃ በደረጃ በቀይ አፈር ይቀባል። እንግዳ ገብቶ መጀመሪያ የሚያየው የቤቱን ሴቶች ሥራ ነው። በእኛ በጎጃም ደግሞ ከዚያ የማይተናነስ ስፌት እየተሰፋ ጓዳ ውስጥ ጢስ ይጠግባል!

ክረምቱ ሲወጣ ሰንደዶውንና አክርማውን ሰብስቡ፤ ለአለላው የሚሆነውን ቀለም ከገበያ ጥቂት በጥቂት መግዛት ይቻላል። ወስፌ ያልያዘች ልጅ በትልቅ ሰፌድ አትጀምር፤ የቡና ሲኒ ማስቀመጫ የምታህል ትንሽ ዝርግ ስፌት ትበቃታለች። በነጩ ግድግዳ ላይ ሦስት ስፌቶች፣ ትልቁ መሐል፣ ሁለቱ ትንንሾች ከጎንና ከጎን፣ በቂ ናቸው። ስድስትና ሰባት ከሆኑ ገበያ ይመስላል። ደግሞ ማውረድና ማራገፍ አትርሱ፤ አቧራ የለበሰ ጌጥ ካለመኖሩ የከፋ ነው።

የቁርኣን አንቀጽ በግድግዳ ላይ ማድረግ የምትፈልጉ ብዙ ናችሁ። በዚህ ጉዳይ ዑለማዎች የተለያየ አስተያየት አላቸው፤ በአካባቢያችሁ ያሉትን ጠይቁ። የምታደርጉ ከሆነ ግን እግር ከሚዘረጋበትና ጫማ ከሚወልቅበት ቦታ ይራቅ። በእጃችሁ የምትጽፉትንም ከመሰቀሉ በፊት ለሚያውቅ ሰው አሳዩ፤ በዐረብኛ አንዲት ነጥብ ፊደሉን ትለውጣለች። ብዕሩ ከመቃ ተቀርጾ፣ ቀለሙ ከጥላሸትና ከሙጫ ተበጥብጦ፣ ሉሕ ላይ እንደምንጽፈው ማለት ነው። ወረቀቱ ሲያረጅ ሱቅ መጠቅለያ እንዳይሆን ይቃጠል ወይም ንጹሕ ቦታ ይቀበር።

የዘይትና የቲማቲም ጣሳ ሥሩ በምስማር ተበስቶ ጤና አዳም ወይም በሶብላ ሲተከልበት መስኮት ያሳምራል፤ ሽታውም ለቤቱ ነው። የጣሳውን አፍ ስለት በድንጋይ መትታችሁ አጥፉት።

በሚቀጥለው ወር ኢንሻአላህ ከበግ አጎዛ መስገጃ እንዴት እንደሚዘጋጅ እንጽፋለን። እስከዚያው ቆዳ የሚገኝላችሁ ካላችሁ፣ ሥጋውና ሞራው በደንብ ተፍቆለት ጨው ተነስንሶበት ጥላ ላይ ይቆያችሁ፤ ፀሐይ ላይ ከደረቀ አይለሰልስም።