ከፎቅ ቆጠራ ባሻገር

በአዲስ አበባ አንድ አሮጌ ሰፈር ፈርሶ ዙሪያው በቆርቆሮ በታጠረ ማግስት ግምቱ ይጀመራል። ታክሲ የሚጠብቀው ሰልፈኛ፣ ጀበና ቡና አጠገብ የተቀመጠው ወጣት፣ ከትምህርት ቤት የሚመለሰው ተማሪ፣ ሁሉም ስለ ቦታው የየራሱ ወሬ አለው። አንዱ «የባንክ ዋና መሥሪያ ቤት ነው፤ ጂ+40 ነው አሉ» ሲል ሌላው «የለም፣ ሆቴል ነው፤ ከ60 አያንስም» ብሎ ያርመዋል። ጥቂት ቆይቶ በአጥሩ ላይ ባለ ቀለም ሥዕል ይሰቀላል። በሥዕሉ ውስጥ ሰማዩ ጥርት ያለ፣ መስታወቱ የሚያብረቀርቅ፣ መንገዱም መኪና የማይበዛበት ነው። ከሥዕሉ ግርጌ የአሠሪው፣ የአማካሪውና የሥራ ተቋራጩ ስም እንዲሁም የፎቁ ቁጥር ይጻፋል። ከዚያ በኋላ የከተማው ወሬ ሁሉ የሚዞረው በዚያች አንዲት ቁጥር ዙሪያ ነው።

እኛ ፊዚክስ የምናስተምር ሰዎች ግምትን አንነቅፍም፤ እንጀራችንም በከፊል ግምት ነው። ነገር ግን ግምት ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ከወሬ ተነሥቶ ወደ ወሬ የሚመለስ ነው። ሌላው ከሚታወቅ መጠን ተነሥቶ በስሌት ወደማይታወቀው የሚሻገር ነው። ስለ ከተማችን ረጃጅም ሕንፃዎች የምንነጋገረው እስከ ዛሬ በመጀመሪያው መንገድ ብቻ ይመስለናል። በእኛ አስተያየት የፎቅ ቁጥር ስለ አንድ ሕንፃ ከሚነገሩት ቁጥሮች ሁሉ ብዙ የሚወራበት፣ ብቻውን ሲቆም ግን ጥቂት የሚያስረዳ ቁጥር ነው። በ2004 ዓ.ም. የተመረቀው የአፍሪካ ኅብረት ሕንፃ ቁመት 99.9 ሜትር እንዲሆን የተደረገው እ.ኤ.አ. በ9/9/1999 የወጣውን የሲርት አዋጅ ለማስታወስ ነው። በ2014 ዓ.ም. የተመረቀው የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ዋና መሥሪያ ቤት ደግሞ ወደ 209 ሜትር ገደማ ይረዝማል። ሁለቱም ቁጥሮች ለታሪክና ለኩራት ይበጃሉ። ሆኖም ከሕንፃው በታች ያለው አፈር ምን ዓይነት እንደ ሆነ፣ መሬት ቢንቀጠቀጥ፣ መብራት ቢጠፋ ምን እንደሚሆን አንዳች አይነግሩንም።

ነገር በምሳሌ ነውና ከዥዋዥዌ እንነሣ። ሕፃንን በዥዋዥዌ ላይ አስቀምጦ የሚገፋ ሰው ጉልበታም መሆን አያሻውም፤ የሚያሻው ጊዜውን ማወቅ ብቻ ነው። ዥዋዥዌው በተመለሰ ቁጥር ለስለስ አድርጎ ቢገፋው ውዝዋዜው እየሰፋ ይሄዳል። ያለ ጊዜው ቢገፋው ግን ኃይሉ በከንቱ ይባክናል። የሚገፋው ኃይል ምት ከተገፊው የራስ ውዝዋዜ ጊዜ ጋር ሲገጥም የሚፈጠረውን ይህን ክስተት ሬዞናንስ እንለዋለን። ሕንፃም ዥዋዥዌ ነው፤ ልዩነቱ እግሩ መሬት ውስጥ መተከሉና ራሱ ወደ ላይ መሆኑ ነው። እያንዳንዱ ሕንፃ አንድ ጊዜ ወዲያና ወዲህ ተወዛውዞ ለመመለስ የሚፈጅበት የራሱ የሆነ ጊዜ አለው። መሐንዲሶች ለመጀመሪያ ግምት የሚጠቀሙበት ቀላል ዘዴ የፎቁን ቁጥር ለ10 ማካፈል ነው። በዚህ ሻካራ ስሌት ባለ 5 ፎቅ ሕንፃ ግማሽ ሰከንድ፣ ባለ 20 ፎቅ 2 ሰከንድ፣ ባለ 50 ፎቅ ደግሞ 5 ሰከንድ ይፈጅበታል።

መሬቱም እንዲሁ የራሱ ጊዜ አለው። ይህን ዓለም በውድ ዋጋ የተማረው በአዲስ አበባችን የሜክሲኮ አደባባይ በስሟ በተሰየመላት አገር ዋና ከተማ ነው። እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 19 ቀን 1985 በሬክተር መለኪያ 8 ገደማ የደረሰ ርዕደ መሬት በሜክሲኮ የፓስፊክ ጠረፍ ተነሣ። ከጠረፉ እስከ ሜክሲኮ ሲቲ ከ350 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ሞገዱ ይህን ሁሉ ተጉዞ ሲደርስ በጠንካራ አለት ላይ ባሉት ሰፈሮች ብዙም አልከፋም። የከተማዋ መካከለኛ ክፍል ግን የተመሠረተው ጥንት ሐይቅ በነበረ ለስላሳ ጭቃ ላይ ነበር። ያ ጭቃ በ2 ሰከንድ ገደማ የሚወዛወዝ በመሆኑ ሞገዱን አጎላው፤ በሺሕ የሚቆጠሩ ሰዎችም አለቁ።

ታዲያ ክፉኛ የተጎዱት የትኞቹ ሕንፃዎች ነበሩ? ከሁሉ የረዘሙት አልነበሩም፤ አጫጭሮቹም አልነበሩም። ጉዳቱ የበረታው ከ6 እስከ 15 ፎቅ ባላቸው መካከለኛ ሕንፃዎች ላይ ነው። የእነዚህ ሕንፃዎች የውዝዋዜ ጊዜ ከጭቃው ጊዜ ጥቂት ያጥር ነበር። መሰንጠቅ ሲጀምሩ ግን ስለሚላሉ ጊዜያቸው እየረዘመ ሄዶ ከጭቃው ጋር ተገናኘ። እ.ኤ.አ. በ1956 የተጠናቀቀው ባለ 44 ፎቁ ቶሬ ላቲኖአሜሪካና በዚያው ለስላሳ መሬት ላይ ቆሞ ዳነ። እንግዲህ የፎቁን ቁጥር ብቻ ይዞ «ይህ አስጊ ነው፤ ያ አያሰጋም» ማለት እንደማይቻል ከዚህ እንረዳለን። ወሳኙ በሕንፃውና በአፈሩ መካከል ያለው ስምምነት ነው። በሬዞናንስ ቋንቋ ደግሞ ስምምነት ማለት ጥፋት ነው።

የአፈርን የውዝዋዜ ጊዜ ለመገመት የአፈሩን ውፍረት በ4 አባዝቶ ሞገድ በውስጡ በሚጓዝበት ፍጥነት ማካፈል ነው። ለምሳሌ 20 ሜትር ውፍረት ባለውና ሞገድ በሴኮንድ 200 ሜትር በሚጓዝበት አፈር ላይ ውጤቱ 0.4 ሰከንድ ይሆናል። አንባቢ ሆይ፣ ይህ ጊዜ የማን እንደ ሆነ ልብ ይሏል? የሰማይ ጠቀሱ አይደለም፤ የጂ+3 እና የጂ+4 ቤት ነው። አዲስ አበባ በእሳተ ገሞራ አለት ላይ የተመሠረተች ከተማ ናት። ነገር ግን በተለይ በቦሌና በአቃቂ አቅጣጫ ከአለቱ በላይ በክረምት የሚያብጥ፣ በበጋ የሚሰነጠቅ ጥቁር የመረሬ አፈር ተነጥፏል፤ ውፍረቱም ከቦታ ቦታ ይለያያል። ስለዚህ ሁላችንም አንጋጠን የምናየው ባለ 50 ፎቅ ሕንፃ በደህና ቆሞ፣ ማንም ልብ ያላለው ጎረቤቱ ባለ 4 ፎቅ ሊጎዳ የሚችልበት ሁኔታ አለ። አፈሩ ካልተለካ ማንኛውን እንደምንፈራ እንኳ አናውቅም።

«ርዕደ መሬት የሌሎች አገሮች ጣጣ ነው» የሚል ካለ ታሪክ ይመልስለት። በ1898 ዓ.ም. ነሐሴ ወር ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ በስምጥ ሸለቆው ውስጥ የተነሣው ርዕደ መሬት መጠኑ ከ6.5 እንደማያንስ ይገመታል፤ በገና በልጅነቷ የነበረችውንም ከተማ አናውጧታል። በ1953 ዓ.ም. በካራ ቆሬ አካባቢ የተከሰተው ተከታታይ ርዕደ መሬት የማጀቴን ከተማ አፍርሷል። የዚህን ሁሉ ታሪክ በአዲስ አበባ የጂኦፊዚክስ ኦብዘርቫቶሪ መሥራች የነበሩት አባ ፒየር ጉዋን እ.ኤ.አ. በ1979 በታተመ መጽሐፋቸው በዝርዝር ሰብስበውታል። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ በአዋሽ ፈንታሌና በዶፈን አካባቢ ለወራት የዘለቀው መንቀጥቀጥ እስከ 6.0 ደርሶ አዲስ አበባ ድረስ ተሰምቷል።

በዚያ ወቅት አንድ ጥያቄ በተደጋጋሚ ቀርቦልናል። «በላይኛው ፎቅ ያለነው መብራቱ ሲወዛወዝ አይተን ስንደነግጥ በምድር ቤት ያሉት ምንም ሳይሰሙ የቀሩት ስለ ምን ነው?» ምላሹ ከላይ በተናገርነው ውስጥ ይገኛል። ፈጣን ሞገዶች ረጅም መንገድ ሲጓዙ በአለቱ ውስጥ ይመናመናሉ። ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ አልፈው የሚደርሱልን ይልቁንም ዘገምተኞቹ ናቸው። ዘገምተኛ ሞገድ የሚያገኘው ወዳጅ ደግሞ ረጅም ሕንፃ ነው፤ ውዝዋዜውም እየጎላ የሚሄደው ወደ ላይ ነው። በ1898 ዓ.ም. አዲስ አበባ ይህን ወዳጅ የምታቀርብለት ሕንፃ አልነበራትም፤ ዛሬ ግን አላት።

ሌላም ስሌት አለ። በ1987 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ ኮድ የርዕደ መሬት ካርታውን ያዘጋጀው በ100 ዓመት አንድ ጊዜ ይደርሳል ተብሎ ለሚታሰብ መንቀጥቀጥ ነበር፤ በ2007 ዓ.ም. የተሻሻለው ደግሞ በ475 ዓመት አንድ ጊዜ ለሚደርስ ነው። «መቶ ዓመትማ! ያኔ እኛ የለን» ብሎ መሳቅ ቀላል ነው፤ ሒሳቡ ግን እንዲህ አይልም። በ100 ዓመት አንድ ጊዜ ማለት በየዓመቱ ከመቶ አንድ ዕድል ማለት ነው። በአንድ ዓመት ውስጥ የማይደርስበት ዕድል 0.99 ነው። ይህን ቁጥር በራሱ 50 ጊዜ ብናባዛው 0.605 ይሆናል። እንግዲያውስ 50 ዓመት በሚቆም ሕንፃ ዕድሜ ውስጥ ያ መንቀጥቀጥ የመድረሱ ዕድል ከመቶ 40 ያህል ነው። የ475ቱን በዚሁ መንገድ ብናሰላ ከመቶ 10 ገደማ እናገኛለን። በቀድሞው ኮድ የተሠራ ሕንፃ ሁሉ ይፈርሳል ማለታችን አይደለም፤ መሐንዲሶች ለጥንቃቄ የሚጨምሩት ትርፍ ጥንካሬ አለና። ነገር ግን አንድ ሕንፃ በየትኛው ኮድ እንደ ተሰላ ማወቅ ፎቁ ስንት እንደ ሆነ ከማወቅ ይበልጥ ነዋሪውን ይጠቅመዋል።

እስቲ አሁን ከዓመታት አንድ ጊዜ ከሚመጣው ወደ ዕለት ተዕለቱ እንውረድ። ውኃን 209 ሜትር ከፍታ ላይ ለማድረስ በባሕር ወለል ካለው የአየር ግፊት 20 እጥፍ የሚሆን ግፊት ያስፈልጋል። ከላይ ሆኖ መሳብም አይቻልም፤ ፓምፕ ውኃ የሚስበው በአየር ግፊት እርዳታ ነውና። በአዲስ አበባ ከፍታ ይህ ግፊት ከባሕር ወለሉ ሦስት አራተኛው ብቻ በመሆኑ ምንም ዓይነት ፓምፕ ውኃን በመሳብ 8 ሜትር እንኳ ሊያወጣ አይችልም። ስለዚህ ከታች መግፋት ግድ ነው፤ ለዚህም ኤሌክትሪክ ያስፈልጋል። የሚገርመው የጉልበቱ መጠን ብዙ አለመሆኑ ነው። 1 ሜትር ኩብ ውኃ 100 ሜትር ለማውጣት የሚበቃው 0.27 ኪሎዋት ሰዓት ነው፤ የፓምፑን ብክነት ጨምረን እጥፍ ብናደርገው እንኳ አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ በ10 ደቂቃ የሚፈጀውን ያህል ነው። ችግሩ መጠኑ ሳይሆን አለመቋረጡ ነው። መብራት በጠፋ ሰዓት ውኃውም አሳንሰሩም አብረው ይቆማሉ። ያን ጊዜ በ12ኛ ፎቅ የሚኖሩ እናት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ይዘው ከ200 በላይ ደረጃ መውጣት ይጠበቅባቸዋል። የፎቅ ቁጥር ትርጉም የሚገባን በሥዕሉ ፊት ስንቆም አይደለም፤ በዚህ ደረጃ ላይ ነው።

ይህን ስንል ሕንፃዎች አይርዘሙ ማለታችን እንዳልሆነ ይታወቅልን። ሕዝቧ እየበዛ የሚሄድ ከተማ ወደ ጎን ብቻ ብትሰፋ የዙሪያዋን የእርሻ መሬት ትበላለች፤ ወደ ላይ ማደግ ብልኅነት ሊሆን ይችላል። «ይህ የመሐንዲሶች ጉዳይ ነው፤ ሕዝቡ ምን አገባው?» የሚሉንም አሉ። በእርግጥ ስሌቱ የመሐንዲስ ነው። ዕዳውን የሚሸከመው ግን ቤቱን ገዝቶ የሚገባው፣ ከሥሩ የሚነግደው፣ ከጎኑ በጂ+4 የሚኖረው ነው። ሕዝብ ስለ ፎቅ ቁጥር ብቻ ሲጠይቅ አሠሪውም የሚመልሰው ስለ ፎቅ ቁጥር ብቻ ነው። ስለ አፈር የሚጠይቅ ሕዝብ ሲኖር ግን አፈር የሚለካ አሠሪ ይበዛል።

ስለዚህ አንድ ቀላል ሐሳብ እናቀርባለን። በየግንባታው አጥር ላይ በሚሰቀለው ሰሌዳ ከፎቁ ቁጥር ጎን አራት ተጨማሪ ቁጥሮች ይጻፉ፦ የአፈሩ ውፍረትና የውዝዋዜ ጊዜ፤ የሕንፃው የራሱ የውዝዋዜ ጊዜ፤ ስሌቱ የተሠራበት ኮድና የርዕደ መሬት መጠን፤ መብራት ሲጠፋ ውኃና አሳንሰር የሚቆዩበት ሰዓት። እነዚህ በአግባቡ በተነደፈ ሕንፃ ሰነድ ውስጥ ሊኖሩ የሚገባቸው ቁጥሮች ናቸው፤ ወደ ሰሌዳው ለማውጣት የሚጠይቁት አንድ ጣሳ ቀለም ብቻ ነው። በሰነዱ ውስጥ ከሌሉ ደግሞ አለመኖራቸው ራሱ ታላቅ ዜና ነው። ሳይቃጠል በቅጠል እንዲሉ፣ ይህን ለመጠየቅ ጊዜው መሠረቱ ከመቆፈሩ በፊት ነው።

እናንተ ተማሪዎቻችን ደግሞ ሙከራውን በጠረጴዛ ላይ ልትሠሩት ትችላላችሁ። ቁመታቸው የተለያየ ሦስት ቀጫጭን የብረት ዘንጎች በአንድ ጣውላ ላይ አቁማችሁ በየጫፋቸው እኩል የጭቃ ድቡልቡል ለጥፉ። ከዚያም ጣውላውን በእጃችሁ ቀስ እያላችሁ፣ ቀጥሎም እያፈጠናችሁ ወዲያና ወዲህ አንቀሳቅሱት። በአንዱ ምት ረጅሙ፣ በሌላው መካከለኛው፣ በሌላው አጭሩ ብቻውን ሲወዛወዝ ታያላችሁ። በሚቀጥለው ቀን በአዲስ የቆርቆሮ አጥር አጠገብ ስታልፉና «ስንት ፎቅ ይሆን?» የሚል ድምፅ ስትሰሙ እናንተ ሌላ ጥያቄ ጨምሩበት፤ «አፈሩስ ስንት ሰከንድ ነው?» በሉ።