ለአስቸጋሪ መስኮት የሚስማማ መጋረጃ

መጋረጃ ሊገዛ ወደ ገበያ የሚወጣ ሰው ብዙውን ጊዜ አስቀድሞ የሚያስበው ስለ ጨርቁ ቀለም ነው። መስኮቱ አራት ማዕዘን፣ ቦታውም የተመቸ ሲሆን ይህ አካሄድ እምብዛም አይጎዳም። ነገር ግን መስኮቱ ከላይ እንደ ግማሽ ጨረቃ የከበበ፣ ወይም ከጣራው ሥር የተከፈተ ጠባብ፣ ወይም በቤቱ ማዕዘን ላይ በሁለት ግድግዳ የተከፈለ፣ ወይም ከምድጃ በላይ የሚገኝ በሆነ ጊዜ፣ ቀለም መምረጥ የመጨረሻው ሥራ ሊሆን ይገባዋል። የመጀመሪያው ሥራ ይህ መስኮት የሚያስቸግረን በምንድር ነው ብሎ መጠየቅ ነው። ፀሓይ ያበዛልን? የመንገደኛ ዐይን ያስገባልን? ብርድስ ያሳልፋልን? ወይስ አንዳች ሳያስቸግር ቅርጹ ብቻ እንግዳ ሆኖብን ነው? መጋረጃ የሚያስፈልገው ለችግሩ ነውና፣ ይህን ሳይለይ ቀዳዳውን ሁሉ የሚሸፍን ሰው ገንዘቡን አውጥቶ ብርሃኑን ያጣል።

በአዲስ አበባ በኮንዶሚንየም የሚኖሩ ብዙ ቤተ ሰቦች ይህን ነገር በሚገባ ያውቁታል። በብዙዎቹ ሕንፃዎች የአንዱ ክፍል መስኮት ጎረቤት ሁሉ በሚመላለስበት የጋራ መተላለፊያ ላይ ይከፈታል። ቤተ ሰቡም ከኀፍረት ለመዳን ሲል መስኮቱን ከላይ እስከ ታች በወፍራም ጨርቅ ይጋርደዋል። ከዚያ በኋላ ሕፃኑ ትምህርቱን የሚያጠናው በቀትር መብራት አብርቶ ነው፤ አሮጊቷ እናትም ቀን ከሌሊት ሳይለይላቸው በጨለማ ተቀምጠው ይውላሉ። መስኮቱ ለመከፈት ስለማይመች የቡናው ከሰል ጢስ እንኳ መውጫ ያጣል፤ በተዘጋ ቤት የሚነድ ከሰል ደግሞ ሽታ በሌለው መርዙ ሰው እስከ መግደል የሚደርስ መሆኑ የታወቀ ነው።

ለእንዲህ ያለው መስኮት የሚስማማው ግማሽ መጋረጃ ነው። ዘንጉ ወይም ሽቦው ከመስኮቱ ራስ ላይ ሳይሆን ከመካከሉ ከፍ ብሎ፣ ከመቃኑ ውስጥ ይወጠራል፤ ጨርቁም ከዚያ እስከ መስኮቱ ደፍ ድረስ ይወርዳል። የላይኛው መስተዋት ባዶውን ሆኖ ከሰማይ የሚመጣውን ብርሃን ያስገባል። ልኩን ለማወቅ አንድ ሰው ከውጭ ይቁም፣ ሌላው ከውስጥ ጨርቁን ይዞ ከፍ ዝቅ ያድርግ፤ የመተላለፊያው ወለል ከክፍሉ ወለል ጋር ሁልጊዜ እኩል አይደለምና ከውስጥ ብቻ የተለካ ልክ ያታልላል። በውጭ የቆመው ረጅም ሰው ቢሆን ይመረጣል።

ስለ ስስ ጨርቅም አንድ ነገር ልብ ይሏል። ቀን ውጭው ከቤቱ ይልቅ ብሩህ ስለ ሆነ በስስ ጨርቅ በስተጀርባ ያለ ሰው አይታይም። ማታ መብራት በበራ ጊዜ ግን ነገሩ ይገለበጣል፤ በውስጥ ያለው ሁሉ በግልጥ ይታያል፣ በውስጥ ያለው ሰው ግን የሚያየውን አያይም። ስለዚህ ስሱን ጨርቅ ለቀን ትቶ፣ ሲመሽ ብቻ የሚሳብ ወፍራም ጨርቅ በሁለተኛ ዘንግ ላይ መስቀል ያስፈልጋል።

ከላይ የከበበ መስኮት በፒያሳና በአካባቢው ከፈረሱት በተረፉት አሮጌ ቤቶች፣ እንዲሁም በአንዳንድ አዳዲስ ቪላዎች ይገኛል። ብዙዎች ዘንጉን ከክበቡ ጋር አጉብጠው ለመስቀል ይደክማሉ። ድካሙ ከንቱ ነው፤ በጎበጠ ዘንግ ላይ ቀለበት አይሄድምና መጋረጃው አንድ ጊዜ ከተሰቀለ በኋላ አይከፈትም። ቀጥ ያለውን ዘንግ ክበቡ ከሚጀምርበት በታች ሰቅሎ ግማሽ ጨረቃውን ባዶ መተው ይሻላል። በላሊበላ ቤተ ማርያም በመስቀል ቅርጽ የተፈለፈሉትን መስኮቶች ያየ ሰው፣ የመስኮት ቅርጽ ራሱ ጌጥ ሊሆን እንደሚችል ይረዳል።

ሒሳቡም ይቀላል። የመስኮቱ ስፋት 1 ሜትር ከ20 ሳንቲ ሜትር ነው እንበል። መጋረጃው ሲከፈት መስተዋቱን እንዳይሸፍን ዘንጉ በግራና በቀኝ 20 ሳንቲ ሜትር ይጨመርለትና 1 ሜትር ከ60 ይሁን። ሽብሽቡ እንዲያምር የጨርቁ ስፋት እጥፍ፣ ማለት 3 ሜትር ከ20 ይሆናል። በገበያ ያገኘነው ጨርቅ ስፋቱ 1 ሜትር ከ40 ከሆነ ሦስት ቁራጭ ያስፈልጋል፤ የመጋረጃው ቁመት 2 ሜትር፣ ለላይኛው ዕጥፋትና ለታችኛው ቅምቅማት 25 ሳንቲ ሜትር ቢጨመር፣ በጠቅላላው 6 ሜትር ከ75 ይገዛል። ገንዘብ ያጠረው ሁለት ቁራጭ፣ ማለት 4 ሜትር ከ50 ገዝቶ ቢያሰፋ ሽብሽቡ ጥቂት ይሳሳል እንጂ አያሳፍርም። ጨርቁ ከጥጥ የተሠራ ከሆነ ከመቆረጡ በፊት ይታጠብ፤ ከተሰፋ በኋላ ሲታጠብ ተሰብስቦ ያጥራልና።

በማዕዘን ላይ ለተከፈለ መስኮት ሁለት ዘንግ ይሰቀላል፤ እያንዳንዱም መጋረጃ ከማዕዘኑ እየራቀ ወደ ውጭው ጠርዝ ይከፈት። ከጣራ ሥር ላለው ጠባብ መስኮት፣ የመታጠቢያ ቤት ካልሆነ፣ ምንም ባይደረግለት ይሻላል። በመታጠቢያ ቤት ደግሞ ጨርቅ በእንፋሎት ይሻግታልና፣ መስተዋቱን የሚያደበዝዝ ተለጣፊ ላስቲክ ይበቃል።

ፀሓይን በተመለከተ አገራችን የራስዋ ጠባይ አላት። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 9 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለምትገኝ፣ የቀትር ፀሓይ ከኅዳር እስከ ጥር በደቡብ በኩል፣ ከሚያዝያ መጀመሪያ ገደማ እስከ ነሐሴ ማብቂያ ገደማ ደግሞ በሰሜን በኩል ትውላለች። ሆኖም በሁለቱም ወራት ከፍ ብላ ስለምትቆም የጣራው ክፈፍ አብዛኛውን ይከልላል። አስቸጋሪው የምዕራብ መስኮት ነው፤ ከ9 ሰዓት በኋላ ፀሓይዋ ዝቅ ብላ በቀጥታ ትገባለች። በምሥራቅ ግድግዳ ላይ ሥዕለ አድኅኖ ያለበት ቤት ይህን ይመርምር፤ ከፊት ለፊት የምዕራብ መስኮት ካለ፣ የታተመ ሥዕል በጥቂት ዓመት ውስጥ ቀለሙ ይነጣል። ለዚህ መስኮት ገበር ያለው መጋረጃ ይገባዋል። ነገር ግን ጧፍ ከሚበራበት ቦታ አጠገብ መስኮት ካለ፣ ነፋስ ጨርቁን ወደ እሳት ያደርሰዋልና መጋረጃው አጭርና በጎን የሚታሰር ይሁን፤ ጧፉም ከጨርቅ ይራቅ። ከምድጃ በላይ ባለ መስኮት ላይ ግን አጭርም ቢሆን ጨርቅ ፈጽሞ አይሰቀል።

ለአስቸጋሪ ቦታ በገመድ የሚሳብ ተጠቅላይ መጋረጃም ይሸጣል፤ ቦታ አይፈጅምና ደኅና ነው። ሕፃን ባለበት ቤት ግን ገመዱ ያስፈራል። በአሜሪካ በ2002 ዓ.ም. (በአውሮፓ አቆጣጠር 2009) ልጆች በገመዳቸው ታንቀው ስለ ሞቱ ወደ 50 ሚሊዮን የሚደርሱ እንዲህ ያሉ መጋረጃዎች እንዲታረሙ ጥሪ ተደርጎባቸዋል። ገመድ የሌለውን መግዛት ይመረጣል፤ የግድ ከሆነም ገመዱ ሕፃን ከማይደርስበት ከፍታ ላይ ይታሰር፣ የሕፃኑም አልጋ ከመስኮቱ ሥር ይነሣ።

ጨርቁ ከመገዛቱ በፊት አሮጌ አንሶላ በታሰበው ልክ ታጥፎ በመስኮቱ ላይ ለአንድ ሳምንት ይሰቀል። ጧት፣ ከቀትር በኋላና ማታ መብራት ከበራ በኋላ ከውስጥም ከውጭም ይታይ፤ ቁመቱ ከፍ ወይም ዝቅ ማለት ካለበት በአንሶላው ላይ በመርፌ ቁልፍ ምልክት ይደረግበት፤ ልብስ ሰፊውም ልኩን ከዚያ ይውሰድ።