ቁመታሙ ዲዳ

በየሳሎናችን ከቡፌው ግራና ቀኝ እንደ ዘብ የቆሙት ሁለቱ ቁመታም ስፒከሮች ዲዳዎች ናቸው። ይጮኻሉ፤ አይናገሩም። ደረት ይደቃሉ፣ ብርጭቆ ያንቀጠቅጣሉ፣ የጎረቤት ሕፃን ከእንቅልፉ ያባንናሉ፤ አንድ ሙሉ ዐረፍተ ነገር ግን ከአፋቸው አይወጣም። እኛም ባለቤቶቻቸው "ባሱ እንዴት እንደሚመታ ስሙልኝ!" እያልን እንግዳ እንጋብዝባቸዋለን። ዘፋኙ ምን እንዳለ የሚጠይቅ እንግዳ ከመጣ ግን ነገር ተበላሸ።

"የሥነ ጽሑፍ ወዳጅ በስፒከር ጉዳይ ምን ቤት ነው?" የሚለኝ አንባቢ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። መልሴ አጭር ነው። የእኛ ሥነ ጽሑፍ ገሚሱ የሚኖረው በጆሮ ነው። ቅኔው ይዘረፋል፣ ፉከራው ይፎከራል፣ የአዝማሪው ሰምና ወርቅ ከአፍ ወጥቶ ጆሮ ላይ ይፈታል። የሐዲስ ዓለማየሁ "ፍቅር እስከ መቃብር" በ1958 ዓ.ም. ታትሞ ወጣ፤ መጽሐፉን ገልጠው የማያውቁ፣ ፊደልም ያልቈጠሩ እናቶችና አባቶች ግን ሰብለ ወንጌልንና በዛብህን እንደ ዘመድ ያውቋቸዋል። ያስተዋወቃቸው የወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ ነው። ያ ትረካ በኢትዮጵያ ሬዲዮ ሲተላለፍ በስንቱ ቤት የተደመጠው በትንሽ ትራንዚስተር ነበር፤ ቃሉም አልባከነም። ዛሬ ያው ትረካ ተገልብጦ በፍላሽና በስልክ በየቤቱ ገብቷል። ደረት በሚደርስ ሳጥን ሲሰማ ግን ወጋየሁ ጉድጓድ ውስጥ ወርዶ የሚተርክ ይመስላል። ይህ የእኔና የእናንተ ጉዳይ ካልሆነ የማን ሊሆን ነው?

የምኖረው አቃቂ ቃሊቲ፣ ቱሉ ዲምቱ፣ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 የተከፈተው የአዲስ አዳማ የፍጥነት መንገድ የሚነሣው ከዚሁ ከእኛ ሰፈር ነው። ወደ ጅቡቲ የሚወርደውና ከጅቡቲ የሚመጣው ከባድ መኪና ሌሊት ሳይቀር ያጓራል። ወዲያ ማዶ ፋብሪካው አለ፤ ወዲህ የብሎኬት ማምረቻው አለ። እንዲህ ባለ ሰፈር የሚኖር ሰው ጎላ ያለ ድምፅ ቢመኝ አይፈረድበትም። ነገር ግን የመኪናው ጉርምርምታ ራሱ ወፍራም ድምፅ ነው። በወፍራም ድምፅ ላይ ሌላ ወፍራም ድምፅ መደረብ ጭቃ በጭቃ ማጠብ ነው፤ ንግግር በዚህ አይጠራም።

በእኛ ብሎክ ቁመታም ስፒከር ያለባቸውን ቤቶች ሁሉ አውቃቸዋለሁ፤ ደጃቸውን ሳልረግጥ በግድግዳው በኩል ጎብኝቻቸዋለሁ። አንዱ ሾፌር ነው፤ በወር አራት ቀን ቢገኝ ነው፤ አራቱንም ቀን ግን መገኘቱን አራት ፎቅ ያውቃል። ሌላዋ መምህርት ናት፤ ስፒከሯን የገዛችው መዝሙር ልትሰማበት ነበር፣ አሁን "ራሴን ያመኛል" ትላለች። ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ግን ከሥራችን ያሉት ሽማግሌ ጉዳይ ነው።

ዕድሜያቸውን በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ በሽመና ክፍል የፈጁ ጡረተኛ ናቸው። የማሽኑ ጩኸት ከጆሯቸው ላይ ቀጭኑን ድምፅ ሸርፎ ወስዶታል፤ እንዲህ ያለ ጆሮ ድምፅ አይጠፋበትም፣ ቃል ነው የሚጠፋበት። ዐረብ አገር በሰው ቤት የምትሠራ ልጃቸው "አባዬ ሬዲዮ እንደ ልቡ ይስማ" ብላ ገንዘብ ላከች፤ ወንድሟ ሄዶ ገዛ። የመጣው ሳጥን እያንዳንዱ አራት ክብ ያለው፣ ሰማያዊና ቀይ መብራት የሚብለጨለጭበት፣ ግንባሩ ላይ "5000 ዋት" የሚል ተለጣፊ ያለበት ነው። ጋሼ ሁለት ሳምንት ዜና ሰሙበት። በሦስተኛው ሳምንት "ልጄ፣ ይኼ ነገር ያጓራል እንጂ አያወራም" አሉኝ። ሳጥኖቹም ዳንቴል ለበሱ፣ የፕላስቲክ አበባም ተሸከሙ፤ ጋሼ ትራሳቸው ሥር ወዳለችው ትንሿ ሬዲዮ ተመለሱ። የዚያች ልጅ የስንት ወር ላብ ነው የአበባ ማስቀመጫ የሆነው? የሻጩን ስም አልጠራም፤ እሱን የመሰለ በየገበያው ሞልቷል። ምን ብሎ እንደሸጠ ግን እናገራለሁ።

አንደኛው ውሸት ዋቱ ነው። "ፒ ኤም ፒ ኦ" የሚሉት መለኪያ የጋራ ሕግ የሌለው፣ አምራቹ ለቅጽበት ሊታሰብ የሚችለውን ሁሉ ደምሮ የሚጽፈው ቁጥር ነው። ዕቃው ሳያቋርጥ የሚሰጠው ኃይል የሚነገረው "አር ኤም ኤስ" በሚባለው ነው፤ እሱን ግን ሻጩ አያነሣውም። እስቲ ዕቃውን አዙሩና ከጀርባው ያለችውን ደቃቅ ጽሑፍ አንብቡ። የጋሼ ዕቃ ከሶኬት የሚስበው 80 ዋት ነው። 80 ዋት ገቢ፣ 5000 ዋት ወጪ! እንዲህ ያለ ተአምር ቢኖር ኖሮ ግድብ መገንባት ለምን ባስፈለገን? የእንጀራ ምጣዳችን እንኳ የሚስበው ከ3500 እስከ 4000 ዋት ገደማ ነው፤ እሱ ሲሰካ የቤቱ አምፖል እንዴት ድክም እንደሚል ታውቃላችሁ። ተለጣፊው እውነት ቢሆን ኖሮ ስፒከሩ ላይ እንጀራ እንጋግርበት ነበር። ደግሞስ ጆሮ እንደ ቆጣሪ አይቈጥርም። ድምፁ እጥፍ የጎላ ሆኖ እንዲሰማን ኃይሉ 10 እጥፍ ያህል መጨመር አለበት። በአንዲት ጠባብ ሳሎን ትረካ ለመስማት ጥቂት ዋት ይበቃል፣ ይተርፋልም።

ሁለተኛው ውሸት የክቡ ቁጥር ነው። ፖልክ ቲ50 የሚባለውን የአሜሪካ ኩባንያ ቁመታም ስፒከር ውሰዱ። ከትንሿ ትዊተር ሌላ (ትዊተር ስል ቀጭን ድምፅ የምታወጣውን ክብ ማለቴ ነው፣ ሌላኛውን ጫጫታ አይደለም) ሦስት እኩል ክቦች ፊቱ ላይ ይታያሉ። ከሦስቱ ሽቦ የሚደርሰው አንዱ ብቻ ነው፤ ሁለቱ የሚንቀሳቀሱት በሳጥኑ ውስጥ ባለው አየር ግፊት ነው። ይህ የታወቀና የተከበረ አሠራር ነው፣ አምራቹም አልደበቀውም። ይሁንና ክብ ቈጥሮ የሚገዛ ሰው ምን እንደቈጠረ አያውቅም። በርካሹ ዕቃ ላይ ደግሞ ከዚህ የባሰ አለ፤ የጋሼን ሳጥን የከፈተው ጠጋኝ ከአራቱ ክቦች አንዱ ከጀርባው ምንም የሌለው የፕላስቲክ ጌጥ መሆኑን አሳይቶናል።

ወደ ዋናው ነገር ልምጣ፤ ወደ ፊደላችን። "መጣ" እና "መታ" የሚለያዩት በአንዲት ፍንጣቂ ነው። "ቅር" እና "ክር" እንዲሁ። ቀ፣ ጠ፣ ጨ፣ ጰ፣ ጸ ጉሮሮ ተዘግቶ የታፈነው አየር ሲፈነዳ የሚወለዱ፣ ከዓይን ጥቅሻ ያጠረ ዕድሜ ያላቸው ድምፆች ናቸው፤ መለያቸውንም ይዞ የሚመጣው በአብዛኛው ቀጭኑ የድምፅ ክፍል ነው። በዚያ ላይ ማጥበቅና ማላላት አለ። "አለ" ላልቶ ሲነበብ ተናገረ ነው፤ ጠብቆ ሲነበብ መኖር ነው፤ ልዩነቱ ተነባቢዋ ጥቂት ቆየት ማለቷ ብቻ ነው። እንግዲህ ከስስ ቺፑድ የተሠራ፣ ውስጡ ድጋፍ የሌለው ሳጥን አስቡ። ድምፁ ካቆመ በኋላ እንኳ ጎኑ መንዘሩን አይተውም። ንዝረቱ በቃልና በቃል መካከል ያለችውን ክፍተት ይሞላል፣ ቆይታውን ያደበዝዛል። የጆሯችንም አፈጣጠር ያግዘዋል፤ የጎላ ወፍራም ድምፅ ከሱ በላይ ያለውን ቀጭን ያፍናል፣ ቀጭኑ ግን ወፍራሙን ያን ያህል አያፍነውም። አዝማሪው ቃሉን ሰብሮ፣ እዚህ አጥብቆ እዚያ አላልቶ ወርቁን ሲያቀብለን፣ ሳጥኑ ወርቁን ቀርቶ ሰሙንም አያደርሰንም። ግጥሙ የረከሰ የሚመስለን ዘፋኞቻችን ስለረከሱ ብቻ ይሆን? እኔ እጠራጠራለሁ። ቃል ከማይሰማበት አገር ገጣሚ ለማን ብሎ ይጨነቃል?

በገናን ስሙበትና ፍረዱ። በገና 10 አውታር አለው፤ በአውታሩና በድልድዩ መካከል እንዚራ የምትባል ቁራጭ ቆዳ ትገባለች፤ ያ የምናውቀው ነዛሪ፣ ልብ የሚያርበተብት ድምፅ የሚወጣው ከእሷ ነው። ፍራንሲስ ፋልሴቶ ባዘጋጀው "ኢትዮፒክስ" በተባለው ተከታታይ አልበም 11ኛው ቅጽ የዓለሙ አጋ በገና ነው። በደህና ስፒከር ስትሰሙት እንዚራዋ በእያንዳንዱ አውታር ላይ ስትንጫጫ ለብቻዋ ትለያለች። በዲዳው ሳጥን ስትሰሙት ግን ሳጥኑ የራሱን የውሸት እንዚራ ይጨምርበታል፤ የላላ ብሎኑ፣ ስሱ ጎኑ፣ ከላዩ ያለው የአበባ ማስቀመጫ ሁሉ አብሮ ይደረድራል። ከበሮውም እንደዚያው ነው። የቤተ ክርስቲያን ከበሮ ሰፊና ጠባብ ፊት ያለው ሁለቱ እንዲለያዩ ነበር፤ ሳጥኑ ሁለቱንም አንድ "ዱም" አድርጎ ይመልስላችኋል። ስለዚህ "እኛ ቃል ሳይሆን ምት ነው የምንፈልገው" የሚሉኝ ወጣቶች ምቱንም እንዳላገኙት ይወቁት። ያገኙት መንቀጥቀጥ ነው።

የቤቱም ጥፋት አለበት። በኮንዶሚኒየም ሳሎን ከግድግዳ እስከ ግድግዳ 3.5 ሜትር ቢሆን፣ በዚያ ርቀት መካከል የሚመላለሰው ድምፅ 50 ኸርዝ አካባቢና በእጥፉ 100 ኸርዝ አካባቢ ያብጣል። 100 ኸርዝ ማለት የጎልማሳ ወንድ የንግግር ድምፅ መሠረት ያለበት ቦታ ነው፤ የወጋየሁ ድምፅ ጉድጓድ የሚገባው እዚህ ላይ ነው። የብሎኬትና የሲሚንቶ ግድግዳ ድምፁን አይውጠውም፣ መልሶ ይወረውረዋል። ስፒከሩን ከቡፌው ጋር አጣብቃችሁ ማዕዘን ውስጥ ስትከቱት ደግሞ ወፍራሙን ድምፅ ግድግዳው ራሱ ያባዛዋል። ጎረቤትም ድርሻውን ያገኛል፤ ቃሉ በግድግዳ አያልፍም፣ ባሱ ግን ያልፋል። እኔ የሾፌሩን ዘፈኖች ሁሉ ያለ ግጥም አውቃቸዋለሁ።

"ጥሩ ድምፅ የሀብታም ነው፤ ድሃ ያገኘውን ይሰማል" የሚለውን ክርክር ከሁሉ አጥብቄ እቃወማለሁ። ድሃውን የሚያከስረው ይኸው ንግግር ነው። ለመብራቱ፣ ለጌጡ ክብ፣ ለተለጣፊው የተከፈለው ገንዘብ ለሁለት እውነተኛ ክብና ለአንድ ጠንካራ ሳጥን ይበቃ ነበር። ከመጠምጠም መማር ይቅደም ይላሉ አባቶቻችን። ቁመትንም አልጠላም፤ ሰፊ ሳጥን ወፍራሙን ድምፅ ሳይጨነቅ ያወጣዋል፣ ትዊተሯም ተቀምጦ ከሚሰማ ሰው ጆሮ ትይዩ ትሆናለች፣ ማስቀመጫ ጠረጴዛም አይፈልግም። በምናለሽ ተራ አሮጌ ሳጥን ተገዝቶ፣ የተበላው የክቡ ስፖንጅ ጠርዝ ተቀይሮለት፣ እንደ ሰው ሲናገር ሰምቻለሁ። ስለዚህ ልትገዙ ስትሄዱ የሻጩን ዘፈን አትስሙ፤ ትረካ በፍላሽ ያዙና ሂዱ። ድምፁን ዝቅ አስደርጉ። ቃሉ በዝቅታም የሚለይ ከሆነ ዕቃው ደህና ነው። የሳጥኑን ጎን በጣት አንጓ አንኳኩ፤ እንደ ባዶ ጣሳ ከመለሰ ተዉት። ሻጩ "ባሱን ልጨምርልህ?" ካለ ውጡ።

ለገዛችሁትም ቢሆን መላ አይጠፋም። ባለፈው እሑድ ጋሼ ቤት ወርጄ የዳንቴሉንና የአበባውን ጓዝ አወረድኩ፣ "ሱፐር ባስ" የምትለዋን ቁልፍ አጠፋሁ፣ ሳጥኖቹን ከግድግዳው ሁለት ክንድ ያህል ሳብኳቸው፤ ከጀርባ ባለው የአየር ቀዳዳ ውስጥም አንዳንድ አሮጌ ካልሲ ጠቀጠቅሁ። ካልሲው ቀልድ አይደለም፤ በቀዳዳው የሚወጣውን ትርፍ ወፍራም ድምፅ ያፍነዋል። ሳጥኑ አሁንም ደህና ሳጥን አልሆነም፤ ቺፑድ ቺፑድ ነው። ነገር ግን ትረካውን ስከፍተው ጋሼ አንገታቸውን ቀና አደረጉ፤ ጉዱ ካሳ ሲናገር ደግሞ ጮክ ብለው ሳቁ፣ "ምን አለ?" ሳይሉኝ። ለልጃቸው ደውለው ነገሯት። ባለቤታቸው እትዬ ግን አበባው የት ሊቀመጥ ነው ብለው እስከ ዛሬ አኩርፈውኛል።