ድንች ሸሽተን ወደ ድንች

እስቲ ዛሬ በራሳችን እንሳቅ።

ከአዲስ አበባ ሲመጡ፣ እንጅባራ ሳይደርሱ፣ ከአስፋልቱ ትንሽ ገባ ብሎ ዘንገና ሐይቅ አለ። እሳተ ገሞራ የፈጠረው፣ ዙሪያውን ደን የከበበው ክብ ሐይቅ። የእኛ የዲቪ ስብሰባ እዚያ ዳር ነበር። እ.ኤ.አ. በ2003 ዲቪ ከፖስታ ወደ ኢንተርኔት ሲዞር ባህር ዳር ድረስ ሄደን ሞላን። የምንሸሸውንም እናውቅ ነበር፦ ድንች! የአዊ ልጅ ድንች ቆፍሮ፣ ድንች ተሸክሞ፣ ድንች በልቶ ነው የሚያድገው።

ከሞላነው ብዙዎቹ ቀሩ፤ ለጥቂቶቻችን ደረሰን። ሜሪላንድ ገባን። የመጀመሪያ ሥራችን ምን ቢሆን ጥሩ ነው? ድንች መጥበስ!

ብርዱንም ንቀነው ነበር። «እኛ እኮ የእንጅባራ ልጆች ነን፤ 2,500 ሜትር ላይ ነው ያደግነው!» ጥር ላይ ከጃኬቱ ሥር ጋቢ ደርበን አውቶቡስ ስንጠብቅ ግን ጉራችንም በረደ። ሰዓቱ ደግሞ አለ። «ስምንት ሰዓት ኑ» ተባልን፤ ምሳችንን በልተን፣ ተረጋግተን ደረስን። ለካ የእነሱ የጠዋት ስምንት የእኛ ሁለት ሰዓት ነው! ስማችንስ? በአባታችን ስም ነው የሚጠሩን። አባታችን አዊ ውስጥ ፈረሱን ጭኖ በክብር ለቅሶ ይሄዳል፤ እዚህ «ሚስተር እገሌ፣ ድንቹ አረረ!» እየተባለ ይጮህበታል።

ይህን እርስ በርሳችን ስናወራ እንባችን እስኪወርድ እንስቃለን። ችግሩ ወደ ቤት ስንደውል ነው። «አገሩ እንዴት ነው?» «ኧረ በጣም ተመችቶናል!» ፎቶም እንልካለን፤ የተደገፍነው መኪና የጎረቤት መሆኑን ግን አንናገርም።

ከመካከላችን የአንዱ የእህት ልጅ እንዲህ ያለ ፎቶ አይቶ ትምህርቱን ከአሥረኛ ክፍል አቋረጠ። «አጎቴ ይወስደኝ የለ!» አጎት የእህቱን ልጅ በቀጥታ የሚያስመጣበት የቤተሰብ ቪዛ አሜሪካ ውስጥ የለም። ዲቪም ዕጣ እንጂ የዘመድ ውርስ አልነበረም። ልጁ ግን ዘንገና ዳር ተቀምጦ ስልክ ይጠብቃል። ይህ አያስቅም።

«ቤተሰብ ለምን ይጨነቅ?» የሚሉ አሉ። ይገባናል፤ እኛም የዋሸነው ለዚያ ነው። ነገር ግን ላባችንን ስንደብቅ ጭንቀቱ አልቀረም፤ ወደ ልጆቹ ተላለፈ። «አትምጡ» አንልም። እኛ መጥተን እንዲህ ማለት ነውር ነው። የምንለው፣ መኪናውን ስናሳይ ድንቹንም እናሳይ። እውነቱን አውቆ የሚመጣ ሰው ቢያንስ በትምህርቱ ይገፋል፣ ሙያም ይዞ ይመጣል፤ በሁለት ሰዓትም ይደርሳል።

ባለፈው ደወልንና ለልጁ ሁሉንም ነገርነው። ለረጅም ጊዜ ዝም አለ። ቀጥሎ ሳቀ።

«ታዲያ ድንቹማ» አለን፣ «እዚህም አለ አይደል?»