ሻኛውን ውስኪ አይቆርጠውም

ሥጋ ቤት ጠረጴዛ ዙሪያ የሚነገር አንድ ውሸት አለ፤ በሰማሁት ቁጥር ያንገበግበኛል። ሰውየው ሃምሳን ተሻግሯል፣ የግፊት ክኒን ኪሱ ውስጥ አለ። ነጭ ሻኛውን በቢላዋ እየቆረጠ አዋዜ ያስነካል፤ ወዳጁ ደግሞ “አንድ ደብል ጨምርበት፣ ስቡን ይቆርጥልሃል” ይለዋል።

አይቆርጥም! አልኮልን ሰውነት የሚያጠራቅምበት ቦታ የለውም። ስለዚህ ጉበት ሌላውን ሥራ ትቶ እሱን አስቀድሞ ያቃጥላል፤ ሻኛው ተራውን ይጠብቃል። ጉበት በዚያ ላይ ተጨማሪ ስብ እየሠራ ወደ ደም ይለቃል። የላቦራቶሪ ወረቀቱ ላይ “ትራይግሊሰራይድ” የሚለው ቁጥር የሚያሻቅበው በዚህ ነው። ከ150 በታች መሆን የነበረበት ቁጥር 500ን አልፎ ሲወጣ ቆሽት ሊቆጣ ይችላል። ያ ሕመም ሰውን አልጋ ላይ ያንከባልላል።

ይበልጥ የሚያናድዱኝ ግን የተማሩት ናቸው። “መጠጥ እኮ ጥሩውን ኮሌስትሮል ይጨምራል” ይሉኛል። አዎ፣ ይጨምራል፤ የሚጠጣ ሰው ኤችዲኤል ከፍ ይላል። ታዲያ ቁጥሩ ስለጨመረ ልቡ ዳነ? ፋይዘር ቶርሴትራፒብ የተባለ መድኃኒት በሺዎች በሚቆጠሩ ሕሙማን ላይ ሲሞክር ኤችዲኤል በ70 በመቶ ገደማ ዘለለ። መድኃኒቱን ከወሰዱት መካከል የሞቱት ግን ካልወሰዱት በለጡ፤ ሙከራውም እ.ኤ.አ. በ2006 መጨረሻ ተቋረጠ። ጥሩ የሚባለውን ቁጥር ስለገፋ ብቻ ጠርሙስን መድኃኒት የሚያደርግ ሰው ይህን ይመልስልኝ። የደም ግፊቱ አብሮ መውጣቱንስ ለምን ይደብቃል? ካንሰሩንስ? የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 “ለጤና አስተማማኝ የሚባል የአልኮል መጠን የለም” ሲል በግልጽ አስታውቋል።

የመጠጥ ማስታወቂያ በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን ወርዷል፤ ደግ ተደረገ። የሥጋ ቤቱን ማስታወቂያ ግን ያለ ክፍያ የምንሠራው እኛው ጓደኛሞች ነን። እባካችሁ ይብቃን። ወዳጃችሁ ውጤቱን ሲያሳያችሁ ኤችዲኤሉን ብቻ አይታችሁ “ጎበዝ” አትበሉት፤ የትራይግሊሰራይዱን መስመር አሳዩት፣ ግፊቱንም ጠይቁት። ሐኪሞችም አደራ፦ “ትጠጣለህ?” ብላችሁ “አልፎ አልፎ” ስትባሉ ወደሚቀጥለው ጥያቄ አትለፉ። በሳምንት ስንት ቀን፣ በአንድ ቀን ስንት ደብል ብላችሁ ጠይቁና ካርዱ ላይ ጻፉት።