ያሳቀህ ማስታወቂያ ምን እየሸጠልህ ነው?

ዛሬ የማወራችሁ ስለ ሳቅ ነው። በተለይ ወንዶች፣ እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ።

ቲክቶክ ወይ ቴሌግራም ላይ ይቺን ቪዲዮ ሳታዩዋት አትቀሩም። ሚስት አኩርፋ ጀርባዋን ሰጥታለች፤ ባል አንገቱን ደፍቷል። ጓደኛው ይስቅበትና አንድ ማንኪያ ማር ያቀምሰዋል። በማግስቱ ሚስት ቁርስ ይዛ እየተሽኮረመመች ትመጣለች፤ ባል ደረቱን ነፍቶ ይወጣል። ከስር ስልክ ቁጥር፦ «100 ፐርሰንት ተፈጥሯዊ፣ ያሉበት ድረስ እናመጣለን!»

አልዋሽም፣ እኔም ስቄያለሁ።

ከዛ ግን አንድ የሚኒባስ ሹፌር ተመላላሽ ክፍል መጡ። ዕድሜያቸው 40ዎቹ አጋማሽ ነው። «እግሬን ያቃጥለኛል» አሉ። ስኳራቸውን ስንለካው ከ300 በላይ። ስጠይቃቸው፣ በሩ መዘጋቱን ሁለቴ አይተው፣ ስንፈተ ወሲብ ከጀመራቸው ዓመት እንዳለፈ ነገሩኝ።

«ታዲያ ያኔ ለምን አልመጡም?»

«ዶክተር፣ ሰው ሁሉ የሚስቅበትን ነገር ለካርድ ክፍሏ ልጅ ምን ብዬ ነው የምነግራት?»

ስምንት ወር ሙሉ በድብቅ ያንን ማር ሲገዙ ከርመዋል። ስኳር ያለበት ሰው፣ ማር!

ማስታወቂያው የሚሠራው እንዲህ ነው። መጀመሪያ ወንድነትህን ይነጥቅሃል፤ ከዛ በብር መልሶ ይሸጥልሃል። ሳቁ ደግሞ ሁለት ነገር ያደርጋል። የሚስቅ ሰው «ውስጡ ምንድነው?» ብሎ አይጠይቅም። የታመመው ደግሞ እንዳይሳቅበት ዝም ይላል።

ዘዴው አዲስ አይደለም። ማርልቦሮ ሲጋራ በ1920ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አሜሪካ ውስጥ የሴቶች ለስላሳ ሲጋራ ተብሎ ነበር የሚሸጠው። በ1950ዎቹ አጋማሽ ፊልተር ገባበት፤ ፊልተር ያለው ሲጋራ ደግሞ የሴት ነው ይባል ነበር። ሊዮ በርኔት የተባለው የማስታወቂያ ባለሙያ ካውቦይ አመጣና በቃ፣ ሲጋራው «የወንድ» ሆነ። በማርልቦሮ ማስታወቂያ ላይ ከታዩት አንዱ ዌይን ማክላረን በ1992 በሳንባ ካንሰር ሞተ፤ 51 ዓመቱ ነበር።

በ2010 ደግሞ ኦልድ ስፓይስ አንድ ሸበላ ፈረስ ላይ አስቀምጦ፣ ዓለምን እያሳቀ የገላ ሳሙና ሸጠ። ሳሙና ሲሆን ግድ የለም፤ ቢበዛ ጥሩ ጥሩ ትሸታለህ። የሚዋጥ ነገር ሲሆን ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ለምን?

👉 ስንፈተ ወሲብ የሌላ በሽታ ምልክት ሊሆን ይችላል። የብልት ደም ሥሮች ከልብ ደም ሥሮች ይጠባሉ። ስለዚህ ስኳር፣ ደም ግፊት ወይም ሲጋራ የደም ሥርን ሲጎዳ፣ ከልብ ሕመም በፊት እዚያ ሊታይ ይችላል። ሰውነትህ ቀድሞ እየነገረህ ነው ማለት ነው።

👉 «ተፈጥሯዊ» የሚለውን ቃል አትመን። የአሜሪካው የምግብና መድኃኒት ተቆጣጣሪ ኤፍዲኤ፣ ማርን ጨምሮ ተፈጥሯዊ ተብለው በሚሸጡ ምርቶች ውስጥ የተደበቀ ሲልዴናፊል (የቫያግራ መድኃኒት) በተደጋጋሚ አግኝቷል። ለደረት ሕመም ናይትሮግሊሰሪን የሚወስድ ሰው ይህን ሳያውቅ ቢውጥ፣ ደም ግፊቱ በአንዴ ወርዶ ሊሞት ይችላል።

ሲልዴናፊል በራሱ ጠላት አይደለም። ሐኪም መርምሮ ሲያዝዘው ብዙ ሰው ይረዳል። ልዩነቱ፣ ሐኪም መጀመሪያ ግፊትህን፣ ስኳርህንና የምትወስዳቸውን መድኃኒቶች ያያል። ቪዲዮው የሚያየው ኪስህን ብቻ ነው።

ስለዚህ ወንድሜ፣ ችግሩ ከገጠመህ ና። ለካርድ ክፍል «ጠቅላላ ምርመራ» በል፣ ይበቃል። ቀሪውን በር ተዘግቶ ለእኛ ትነግረናለህ። እኛ አንስቅም፤ በየጊዜው የምንሰማው ነገር ነው። እህቶችም፣ ቪዲዮውን ለባላችሁ «ለቀልድ» ከመላካችሁ በፊት አንዴ አስቡበት።

ሹፌሩ አሁን ክትትል ላይ ናቸው፤ ስኳራቸውም ወርዷል። እግራቸውን ግን እስካሁን ያቃጥላቸዋል። ዓመት ቀድመው ቢመጡ ኖሮ ምናልባት ይሄ ባልሆነ ነበር።

በቀልዱ ሳቁ፤ ማሩን ግን አትግዙ። ያፈረ ወንድም ካላችሁ በውስጥ መስመር ሼር አድርጉለት። ጤና ሁኑልኝ!